«ፉል ኦፕሽን ነው» ሲሏችሁ፦ ከከተማ ዳር ለሚኖር ቤተሰብ የሚኒቫን አመራረጥ

«ፉል ኦፕሽን ነው።» ደላላ ስልክ ሲያነሳ መጀመሪያ የሚላት ይህችን ነው። በሩ በራሱ ይከፈታል፣ ቁልፍ መክተት የለም፣ ኤሲው በዲግሪ ነው፣ ካሜራ አለው፣ ምን የሌለው አለ! ጥሩ። ግን መኪናው የሚያድረው የት ነው? ቦሌ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ነው ወይስ ሱሉልታ ግቢ ውስጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ ውርጭ እየወረደበት? ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ማነው? ሲበላሽስ ማን ያየዋል? ኦፕሽን ዋጋ የሚያወጣው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲሆን ነው።

ይሄን የምጽፈው ሰባት ስምንት ሰው የሚይዝ የቤት መኪና ለሚፈልጉ፣ በተለይ ለሱሉልታ፣ ለለገጣፎ፣ ለሰበታ፣ ለቡራዩ፣ ለኮዬ ፈጬና ለቱሉ ዲምቱ ሰዎች ነው። ስለ ዋጋ አላወራም፣ እሱ በየሳምንቱ ይቀያየራል። የማወዳድረው በየቀኑ እጃችሁ የሚነካቸውን ነገሮች ነው፦ አነሳሱን፣ ሙቀቱንና ቅዝቃዜውን፣ በሩን፣ ትንንሽ ሴቲንጎቹን።

አንድ ነገር ቀድመን እንያዝ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ገበያው ላይ የምታገኙት የቤንዚንና የናፍጣ ሚኒቫን ባብዛኛው ያገለገለ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ሲመረት ምን ምን ነበረው» አይደለም። «ዛሬ የቱ ይሠራል» ነው።

ቁልፍ ወይስ ፑሽ ስታርት

ተራው ቁልፍ ምንም ሚስጥር የለውም። ታስገባላችሁ፣ እስከ «ኦን» ታዞራላችሁ፣ ሁለት ሰከንድ ቆም ትላላችሁ፣ ከዚያ ታስነሳላችሁ። ያቺ ሁለት ሰከንድ የነዳጅ ፓምፑ ግፊት እንዲይዝ ነው። እምቢ ካለ ቁልፉን ይዞ ማንጫረር የለም። ቢበዛ 10 ሰከንድ፣ ከዚያ ግማሽ ደቂቃ እረፍት። አለበለዚያ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም ባትሪውም አብረው ይሄዳሉ።

ፑሽ ስታርት ደግሞ ሪሞቱ ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ ከሆነ ማርሹን «ፒ» ላይ አድርጎ፣ ፍሬን ጠበቅ አድርጎ ረግጦ፣ በተኑን አንዴ መጫን ነው። ፍሬን ሳይረገጥ ከተጫነ ሬዲዮና ዳሽቦርድ ብቻ ይበራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ብዙ ሰው «መኪናው ተበላሸ» ብሎ መካኒክ የሚጠራው እዚህ ጋ ነው። ፍሬኑ ደንድኖ እንደ ድንጋይ ከሆነ ጠንከር አድርጎ መርገጥ ነው። መሪው ተቆልፎ ከሆነ በግራም በቀኝም እያወዛወዙ መጫን።

ልዩነቱ የሚመጣው የሪሞቱ ባትሪ ሲያልቅ ነው። ያቺ ሳንቲም የምታክል ባትሪ ድክም ስትል መኪናው «ቁልፍ አላየሁም» ይላችኋል፣ እናንተ ደግሞ በሌሊት ከለገጣፎ ልጅ ታቅፋችሁ ቆማችኋል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን ቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል። ሪሞቱ ውስጥ ተደብቃ የምትወጣ የብረት ቁልፍ አለች፣ በሩን በእሷ ትከፍታላችሁ። ከዚያ ቶዮታ ከሆነ ፍሬን ረግጣችሁ የሪሞቱን ጀርባ፣ አርማው ያለበትን ጎን፣ በተኑ ላይ ታስጠጋላችሁ። ድምፅ ሲያሰማ በተኑን መጫን ነው። ሌሎች መኪኖች ላይ ሪሞቱ የሚጠጋበት ቦታ ይለያያል፣ ስትገዙ ሻጩ ያሳያችሁ። ያቺ የብረት ቁልፍ መኖሯንና በሩን በእርግጥ መክፈቷንም በዚያው ሞክሩ። ዓመታት ሙሉ ያልተነካ የቁልፍ ቀዳዳ የኛን አቧራ ጠጥቶ ድርቅ ብሎ ይገኛል።

ሌላው፣ ሪሞቱን ከመኪናው አጠገብ አታሳድሩት። መኪናው በረንዳው ሥር ቆሞ ሪሞቱ በሩ ኋላ ሚስማር ላይ ከተሰቀለ ሁለቱ ሌሊቱን ሙሉ እየተነጋገሩ የየራሳቸውን ባትሪ ይጨርሳሉ። እልፍኝ ውስጥ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ደግሞም አንዱ ሞተር አስነስቶ ሌላው ሪሞቱን ኪሱ ይዞ ቢወርድ መኪናው መንገዱን ይቀጥላል፣ ከጠፋ በኋላ ግን አይነሳም። ባልና ሚስት በአንድ ሪሞት የምትጠቀሙ ይሄን ጥል ቀድማችሁ አስቡበት።

የኔ ምርጫ? መኪናውን የሚነዳው አንድ ሰው ከሆነና ሁለት ሪሞት ካስረከቧችሁ ፑሽ ስታርት ይመቻል። ሻጩ «አንዱ ጠፍቷል» ካለ ግን አዲስ ሪሞት ማስገዛትና ማስለመድ ምን ያህል እንደሚያስወጣ አስጠይቃችሁ ከዋጋው አስቀንሱ። ሹፌር የምትቀጥሩ፣ ወንድም አማች የሚዋሰው መኪና ከሆነ ተራው ቁልፍ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። «ሲቸግር ገፍተን እናስነሳዋለን» የሚባለው ደግሞ ከቁልፉ ጋር አይገናኝም። ወሳኙ ካምቢዮው ነው። ማንዋል ከሆነ የሰፈር ልጆች ገፍተውላችሁ በሁለተኛ ማርሽ ይነሳል። አውቶማቲክ ቢገፋ ውሎ ቢያድር አይነሳም፣ ከሌላ መኪና ባትሪ የሚያስነሳ ኬብል ይዛችሁ ሂዱ።

ለደኅንነት አንዲት ነገር። መንገድ ላይ የነዳጅ ፔዳሉ ቢያዝባችሁና ሞተሩን ማጥፋት ግድ ቢሆን የፑሽ ስታርት በተን አንዴ ነካ በማድረግ አይጠፋም። ለ3 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው። መሪውም ፍሬኑም እንደሚከብድ ጠብቁ።

ጠዋት ቶሎ የሚነሳው የቱ ነው

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት አዲስ አበባ ዙሪያ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሱሉልታና እንጦጦ ጀርባማ መስታወቱን በረዶ ሲያለብሰው ታያላችሁ። ፈልቶ የወረደ ውሃ እንዳትደፉበት፣ ይሰነጠቃል።

የቤንዚን መኪና በዚህ ብርድ ብዙ አይቸገርም። ናፍጣ ግን ሥርዓት አለው። ቁልፉን «ኦን» ላይ ስታደርጉ የተጠቀለለ ሽቦ የሚመስል ቢጫ ምልክት ይበራል። እስኪጠፋ ጠብቃችሁ ነው ማስነሳት። ብርዱ ሲበረታ ቆይታው ይረዝማል። በፑሽ ስታርት ናፍጣ ላይ መኪናው ራሱ ጠብቆ ያስነሳል፣ እናንተ ፍሬኑን አለመልቀቅ ነው። ያ ምልክት ጭራሽ ካልበራ ወይም ሞተሩ ነጭ ጭስ እየተፋ እየተንገጫገጨ ከተነሳ ሞተሩ ውስጥ ያሉት የማስነሻ ማሞቂያዎች አርጅተው ሊሆን ይችላል። ቀን ላይ ስትፈትኑት አታዩትም፣ ንጋት ላይ ግን ጉዱ ይወጣል።

«ሩብ ሰዓት አሙቁት» የሚለው ምክር የድሮ ነው። የዛሬ ሞተር ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መሄድ። እየሄደ ቶሎ ይሞቃል። ስለዚህ በሪሞት ከቤት ሆኖ ማስነሳት የሚባለው ኦፕሽን ለሞተሩ ያን ያህል የሚጠቅም አይደለም፣ ለእናንተ ምቾት ነው። ተዘግቶ በሚያድር ጋራዥ ውስጥ ግን በፍጹም አትጠቀሙበት። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሰል ቤት ውስጥ ሲነድ ሰው የሚገድለው ጋዝ ራሱ ነው።

ኤሌክትሪኩ በዚህ በኩል የሚገርም ነው። የሚሞቅ ሞተር የለም፣ «ሬዲ» የሚል ምልክት ከበራ ሂዱ ነው። አሁን በየመንገዱ የምናየው ባለ ሦስት ረድፍ ወንበሩ ፎልክስዋገን አይዲ 6 ተቀምጣችሁ ፍሬን ስትረግጡ በራሱ ይዘጋጃል። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ከሞተች መኪናው ድርቅ ይላል፣ በሩም አይከፈት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ይሄ መኪና የተሠራው ለቻይና ገበያ ስለሆነ ስክሪኑ ቻይንኛ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። «ከስልካችሁ ታሞቁታላችሁ» ካሏችሁ እዚያው በራሳችሁ ስልክ ያሞቁላችሁ። ካልቻሉ ያ ኦፕሽን የለም ማለት ነው።

ኤሲ፦ እዚህ ጋ ነው ብዙው ገንዘብ በከንቱ የሚሄደው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በ2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ቀኑ ከ25 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ለእኛ የኤሲ ትልቁ ሥራ ማቀዝቀዝ አይደለም። ጉም ማጥፋት ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምት ነው፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ትወጣላችሁ፣ ስምንት ሰው ተጭኗል፣ ግማሹ ዝናብ መትቶታል፣ እና ከኋላ እማማ «መስኮቱን ዝጉት፣ ብርድ ይመታናል» ይላሉ። ይዘጋል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መስታወቱ በሙሉ ይታፈናል፣ ሹፌሩ በክንዱ መጥረግ ይጀምራል፣ ከፊት ደግሞ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ አለ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ማሞቂያውን ብቻ ይከፍታል። ትክክለኛው ኤሲውንም ማሞቂያውንም አንድ ላይ መክፈት ነው። ኤሲው የአየሩን እርጥበት ይመጥጣል፣ ማሞቂያው ያሞቀዋል፣ ደረቅና ሙቅ አየር መስታወቱን ያጸዳል። እማማም ብርድ አይመታቸውም። የፊት መስታወት ምልክት ያለባትን በተን ስትጫኑ ብዙ መኪኖች ይሄንን ራሳቸው ያደርጉታል።

አየሩን ውስጥ ለውስጥ የምታዞረዋ በተን፣ መኪና ውስጥ የታጠፈ ቀስት ያለባት፣ በዚህ ጊዜ መጥፋት አለባት። እሷ የምትሠራው ለሌላ ነው፦ ኮዬ ፈጬ ላይ አስፋልት ሳይደርስ የአቧራው መንገድ ላይ፣ ወይም ጥቁር ጭስ የሚተፋ መኪና ኋላ ስትያዙ። ሲያልፍ መልሶ ማጥፋት። ሌላ ምንም ባታስታውሱ ይቺን አስታውሱ።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ በእጅ የሚዞረውና በዲግሪ የሚሞላው አሉ። የሚዞረው ሦስት ቁልፍ ነው፦ ሙቀት፣ የነፋስ ጉልበት፣ አቅጣጫ። ሳታዩ በእጅ ዳሰሳ ትቀይሩታላችሁ። ቢበላሽ የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ያስተካክለዋል። አውቶማቲኩ 22 ላይ አድርጋችሁ «አውቶ» ብትጫኑት ነፋሱንም አቅጣጫውንም ራሱ ያስተካክላል፣ ሹፌሩም ዓይኑን ከመንገድ አያነሳም። ችግሩ ሰው እንዲሠራ አይተወውም። አንዱ ወደ 16 ያወርደዋል፣ ሌላው 30 ያደርገዋል፣ ከዚያ «አይሠራም» ይባላል። ተዉት፣ ጊዜ ስጡት። ሲያረጅ ደግሞ አየሩን የሚመልሱት ትንንሽ ሞተሮች ይሰበሩና በግራ ሙቅ በቀኝ ቀዝቃዛ ይነፍሳል። እነሱን ለመቀየር ዳሽቦርድ ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል።

ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ቶዮታ ሲዬና ካገኛችሁ ዲግሪው በፋረንሃይት ሊሆን ይችላል፣ 72 ስታዩ አትደንግጡ፣ የኛ 22 ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ላይ ደግሞ ስክሪኑ ጃፓንኛ ያወራል፣ ሬዲዮውም የሚይዘው ከ76 እስከ 90፣ አዲስ ከሆነ እስከ 95 ነው። ፋና 98.1 እና ሸገር 102.1 አይገቡም ማለት ነው። ማስተካከያ ዕቃ ይገጠምለታል፣ ግን ከሸገር ጋር ቡና የሚጠጣ ሰው ይሄን ቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል።

እኔ ብሆን በደንብ የሚሠራ ተራ ኤሲ፣ ግማሹ ከሚሠራ አውቶማቲክ ይበልጥብኛል። ሁለቱም በደንብ ከሠሩ ግን አውቶማቲኩን ውሰዱ፣ በተለይ መንገዱ ረጅም ከሆነ።

ትንሽ ሞተር ላላቸው አንድ ማስታወሻ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። 1.3 ወይም 1.5 ሊትር ሞተር ስምንት ሰው ጭኖ ወደ ሱሉልታ ሲወጣ ኤሲ ከተከፈተበት ያቃስታል። ዳገቱን ስትይዙ አጥፉት፣ ካለፋችሁ ክፈቱት። መስታወቱ ከታፈነ ግን አታጥፉት፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ማየት ይቀድማል።

የኋላ ወንበር ሰዎችም ሰው ናቸው

«የኋላ ኤሲ አለው» ማለት «የኋላ ማሞቂያ አለው» ማለት አይደለም። ይሄንን ሻጮች ራሳቸው ብዙ ጊዜ አይለዩትም። ጣሪያው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በአብዛኛው የሚሰጡት ቀዝቃዛ ነው። ሙቁ የሚመጣው ከወንበር ሥር ወይም ከጎን ከታች ነው፣ ካለ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የኋላውን ሙቅ ላይ አድርጋችሁ፣ እግር ሥር እጃችሁን አስገብታችሁ ዳስሱ።

የትኛው ይበልጥባችኋል? ከቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገዱን ይዛችሁ በየጊዜው ወደ አዳማና አዋሽ የምትወርዱ ከሆነ የኋላ ማቀዝቀዣው ግድ ነው። ሦስተኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠ ልጅ የፊቱ ኤሲ አይደርሰውም፣ አዋሽ ላይ ያስታውካል። ከሱሉልታ ጠዋት ጠዋት ልጅ የምታመላልሱ ከሆነ ደግሞ የኋላ ማሞቂያውን ፈልጉ። ለየብቻ የሚስተካከል የኋላ መቆጣጠሪያ ካለው ከፊት የሚቆለፍበትን በተን ፈልጉት። አለበለዚያ ልጆች ሲጫወቱበት ይውላሉ።

የፊቱ ማሞቂያ ሞተሩ ሞቆም ቀዝቃዛ ከነፈሰ በቀላሉ አትለፉት። የራዲያተር ውሃ ጎድሎ ይሆናል፣ ወይ የማሞቂያው መስመር ተደፍኗል፣ ወይ አንድ ጋራዥ «እንዳይፈላ» ብሎ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አውጥቶ ጥሎታል። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ በብርድ በቂ ሙቀት አይደርስም፣ ነዳጅም ይበላል። ውስጡ ጣፋጭ ሽታ ካለውና መስታወቱ ላይ ቅባት የመሰለ ጉም ካለ ደግሞ የራዲያተሩ ውሃ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። የማሞቂያ ጥያቄ የሞተር ጥያቄ ነው።

ኤሌክትሪክ ላይ ሙቀቱ ከባትሪው ስለሚወጣ የምትሄዱበትን ርቀት ይቀንሳል። መብራት ካለ ቻርጅ ላይ እያለ አሙቁት፣ መንገድ ላይ የወንበሩን ማሞቂያ ተጠቀሙ፣ የሚበላው በጣም ትንሽ ነው። መብራት በየጊዜው የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ይሄን በሂሳባችሁ አስገቡ።

በራሱ የሚከፈት በር

ልጆች ይወዱታል። ያ የታክሲ ረዳት እንደሚያደርገው በሩን ጓ! የሚያደርገው ልጅ ስላለ እኔም አልጠላውም፣ በሞተር የሚዘጋ በር ቀስ ብሎ ነው የሚዘጋው። ግን ጭቃ ጠላቱ ነው። ክረምት ላይ ከሰበታ ጓሮ መንገድ የወጣ መኪና ሐዲዱ ውስጥ ጭቃ ይጋገርበታል፣ በሩ መሐል ላይ ቆሞ ተመልሶ ይከፈታል። ሐዲዱን ማጠብና ማጽዳት የእናንተ ሥራ ነው።

ሲሞክሩ ሦስት ነገር ይበቃል። መሐል ላይ ክንዳችሁን አስገቡና ይመለስ እንደሆነ እዩ። ዋናውን ማጥፊያ አጥፍታችሁ በእጅ ክፈቱት፣ ከከበደ ያስቸግራችኋል። ዳገት ላይ አቁማችሁም ሞክሩት። የነዳጅ ክዳኑ ክፍት ሲሆን በዚያ በኩል ያለው በር በብዙ መኪኖች ላይ ሆን ተብሎ አይከፈትም፣ ያ ብልሽት አይደለም።

በእጅ የሚንሸራተት በር ምንም አይጎድለውም። ለኤሌክትሪክ በር በምትጨምሩት ብር የኋላ ማሞቂያ ያለውን ፈልጉበት።

ትንንሾቹ ሴቲንጎች

እነዚህ ገንዘብ አይጠይቁም፣ ማስተካከል ብቻ ነው።

ሪሞቱ አንዴ ሲጫን የሹፌሩ በር ብቻ ይከፈት ወይስ ሁሉም? ማታ ብቻችሁን የምትገቡ ከሆነ የሹፌሩ ብቻ ይሻላል፣ ማንም ሳይጠራ ከኋላ አይገባም። ሁለት እጃችሁ ሙሉ ሆኖ ልጆች የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ ሁሉም። መኪናው ሲንቀሳቀስ በሮቹ በራሳቸው የሚቆለፉትን አብሩት፣ መጨናነቅ ውስጥ ይጠቅማል። የልጆች መቆለፊያውንም በኋላ በሮች ጠርዝ ላይ ፈልጉ።

መኪናው ከጠፋ በኋላ መብራቱ ለ30 ሰከንድ ያህል የሚቆይበት ሴቲንግ አለ። የመንገድ መብራት ለሌለው ሰፈር ከዚህ የተሻለ ኦፕሽን የለም። ከበሩ እስከ ቤት ያለውን ጭቃ አይታችሁ ትረግጣላችሁ።

ከጓንት ማስቀመጫው ኋላ ያለውን የአየር ማጣሪያ አስወጥታችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ ማንም ነክቶት አያውቅም። ቡናማ ሆኖ አቧራ ከረገፈበት ቀይሩት። ግማሹ «ኤሲው ደክሟል» የሚባለው መኪና ያቺን ብቻ ነው የሚፈልገው።

ለማየት ስትቀጣጠሩ

ጠዋት ማለዳ ይሁን፣ ሻጩም ቀድሞ እንዳያስነሳው አስቀድማችሁ ንገሩት። ከደረሳችሁ በኋላ ምንም ሳትሉ ኮፈኑ ላይ እጃችሁን አሳርፉ። ከቀዘቀዘ ራሳችሁ አስነሱት፣ ምልክቶቹ በርተው ሲጠፉ እዩ፣ የጭሱን ቀለም ተመልከቱ፣ ማሞቂያው ሙቅ እስኪሰጥ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ያዙ፣ ማቀዝቀዣውን ግን ቀን ላይ ፀሐይ ሲከር መልሳችሁ ሞክሩት፣ በብርድ ሁሉም ኤሲ ይሠራል። ኮፈኑ ሞቅ ብሎ ካገኛችሁት ለሌላ ቀን ቀጠሮ ያዙ። «ትንሽ ላሙቀው ብዬ ነው» ካለም ያው ነው።